የቡናማው ብልቃጥ ልክ

ተማሪዋ በወረቀት ላይ አንድ ሕፃን ገደለች። መምህሩ ከመልሷ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው ይህንኑ ነበር፤ ቃል አላሳመረም። የታዘዘው መድኃኒት ሃያ ሚሊግራም ነው። እሷ ሁለት ሚሊ ሊትር ይወጋ ብላ ጻፈች፤ ፈተናው ላይ በተሰጠው አዲስ ብልቃጥ ይህ የታዘዘው አራት እጥፍ ነው።

ወረቀቱን ይዛ የመለማመጃ ክፍሉን በር ስትከፍት አክስቷ የፕላስቲኩ በሽተኛ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የሕፃናት ክፍል አንጋፋ ነርስ ናቸው፤ ጋውናቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው የመጡት። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የመድኃኒት ልክም በቃሏ ያስያዟት እሳቸው።

«እዚህ ምን ይሠራሉ፣ እትዬ?»

«መምህርሽን እየጠበቅኩ። መርፌ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ ዛሬ አንቺን ይጥላል? ሁለት ሚሊ ትክክል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የቀዳሁት ነው።»

«እባክዎ አያነጋግሩት።»

«በእኔ አፈርሽ?»

«አላፈርኩም። ካነጋገሩት ያፍርዎና ያሳልፈኛል። ከዚያ ስህተቱን በእውነተኛ ሕፃን ላይ እደግመዋለሁ።»

አክስቷ የልጅ ነገር ሰምተው እንደሆነ ሁሉ ፈገግ አሉ። «በእኛ ጊዜ ይሄ ሁሉ ጣጣ የት ነበር? የብርጭቆ ሲሪንጁን በድስት እንቀቅላለን፤ ቡናማው ብልቃጥ ይመጣል፤ ለሃያ ሁለት፣ ለአሥር አንድ። ዶክተሩ ተናግሮ ሳይጨርስ እጄ ቀድቶ ይጠብቀው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ልጅቱም ያንን ጊዜ ታስታውሰዋለች። አክስቷ ባዶዎቹን ብልቃጦች አጥበው ይሰጧት ነበር፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ደርድራ ለአሻንጉሊቶቿ ውኃ ታድልባቸዋለች። የእጃቸው የአልኮል ሽታ እስካሁን ቤት ቤት ይላታል። ናፍቆት ግን መድኃኒት አይለካም።

«ቡናማው ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ነበረው?»

«አሥር። ልትፈትኚኝ ነው?»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ ገና ዛሬ ጠዋት ነው ክፍላችን የገባው። ያው ብልቃጥ ነው እንጂ ምን ይሆናል።»

«አርባ ነው፣ እትዬ።»

ልጅቱ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ሃያ ሚሊግራም ሲባዛ በአንድ ሚሊ ሊትር፣ ሲካፈል ለአርባ ሚሊግራም። ላይና ታች ያሉትን ሚሊግራሞች በጠመኔ ሰረዘቻቸው።

«ይሄ ሁሉ የዶሮ ጭረት ለምን? ሃያን ለአርባ ማካፈል ያቅተኛል?»

«አያቅትዎም። ግን የቱ ለየቱ እንደሚካፈል በምን ያውቃሉ? እስቲ ገልብጠው ይጻፉት።»

ጠመኔውን ተቀብለው አርባ ሚሊግራሙን ከላይ፣ አንድ ሚሊ ሊትሩን ከታች አደረጉ። ሊሰርዙ እጃቸውን ዘረጉና ቆሙ።

«ሁለቱም ሚሊግራሞች ከላይ ቀሩ። አይሰረዙም።»

«ሚሊግራም በሚሊግራም ተባዝቶ ምን ይሆናል?»

«ምንም። እንዲህ የሚባል ነገር ሲሪንጅ ላይ የለም።»

«አዩ፣ ስህተቱን ስሌቱ ራሱ ነገረዎ፤ መርፌው ገና ሳይነካ። በቃል የተያዘ ልክ ግን ብልቃጡ ሲለወጥ ዝም ነው የሚለው።»

አክስቷ የገለበጡትን በመዳፋቸው አጥፍተው እንደገና ጻፉ። ግማሽ ሚሊ ሊትር ወጣ። ትኩር ብለው አዩት።

«በቃልሽ ያዢ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«ያኔ ልክ ነበር። ብልቃጡ አንድ ዓይነት ብቻ ነበራ።»

ዘዴው የሚጠይቀው አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው። በምትኩ ነርሷ ቢደክማት፣ ተረኛዋ አዲስ ብትሆን፣ ፋብሪካው ብልቃጡን ቢለውጥም፣ ሕፃኑ የታዘዘለትን ያህል ብቻ ያገኛል። አጠገቧ ያለች ባልደረባም የጻፈችውን አይታ ልታርማት ትችላለች፤ በሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ልክ ግን ማንም ሊያርመው አይችልም።

«መምህሩን አልጠብቅም» አሉ አክስቷ እየተነሡ። «እንደወደቅሽ ቆዪ፤ ትደግሚዋለሽ። ክፍሌ ያሉት ወጣት ነርሶች ሁሉ ሁለት ሚሊን የተማሩት ከእኔ ነው። የከሰዓቱ መርፌ ሳይደርስ ላገኛቸው ይገባል።»

«ልከተልዎ?»

«አንቺ እዚሁ ተለማመጂ። እኔ እነሱን የማስረዳበት አፍ አላጣም።»

ጠመኔውን ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ከተው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።