ተለብሶ የተመለሰው ቀሚስ

ብልጠት ከእውቀት በላይ በሚከበርበት ሰፈር መኖር ያደክማል። ዕድሜዬን በማስተማር ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን የምለው በስንፍና ሳይሆን ለፍቼ ለፍቼ ሰልችቶኝ ነው። ሰው ልጁን «አትስረቅ» ብሎ አይመክርም፤ «አትያዝ» ብሎ ይመክራል።

አንድ ቀን በትልቁ መንገድ ዳር ካለ የልብስ መደብር ሱሪ ገዝቼ፣ እግሩን እስኪያሳጥሩልኝ ተቀምጬ ስጠብቅ ጎረቤቴ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ገቡ። ሰፈሩ እኚህን ሴት «እትዬ ቁጠባ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል። የወንድማቸው ልጅ በቅርቡ በሕግ ተመርቃለች። ስትማር ራሷን የረዳችው እንዲህ ባለ መደብር ውስጥ በሻጭነት እየሠራች ነበር።

እትዬ ቁጠባ ከከረጢት ሰማያዊ ቀሚስ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

«ጠበበኝ፣ ልጄ» አሏት ሻጯን። «ገላዬን እንኳ አልነካም። ይኸው የዋጋው ወረቀት እንደተንጠለጠለ ነው።»

ሻጯ ቀሚሱን ገለበጠችው። አንገቱ ላይ የፊት ፓውደር አለ። የዋጋው ወረቀት እንዳይታይ በመርፌ ቁልፍ ታጥፎ የተያዘበት ቦታም ከብብቱ ሥር ተበስቷል። ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋ መልሳ አራቀችው። ከዚያ እትዬ ቁጠባን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁትንም ሰዎች አየች። ምንም ሳትል ገንዘባቸውን መለሰችላቸው።

ሱሪዬን ተቀብዬ ስወጣ ሁለቱን በር ላይ አገኘኋቸውና አብረን ወደ ሰፈራችን መንገድ ጀመርን። እትዬ ቁጠባ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«መምህር፣ እሁድ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ዋለ። ዛሬ ደግሞ ገንዘቤ ቦርሳዬ ገብቷል። እኔ ለሰርግ ብዬ ገንዘብ አላባክንም።»

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ስርቆት ነው» አለች ልጅቱ።

«ምን ወሰድኩ? ቀሚሱ እዚያው አይደለም እንዴ?»

«አዲስ ወስደው አሮጌ መለሱ።»

«አንድ ቀን በመለበሱ አረጀ? ደግሞስ ነጋዴው ምን ሲያደርገን እንደሚውል አታዪም? ልብሱን የሚሰፉት ምስኪኖች ሳንቲም ተወርውሮላቸው ነው፤ እዚህ ሲደርስ ዋጋው ሰማይ ይነካል። እሱ ሲወስድብን ንግድ፣ እኛ ስናስመልስ ስርቆት?»

ክፋቱ እትዬ ቁጠባ ያሉት ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር። ሰው ግን የራሱን ጥፋት በሌላው ጥፋት መሸፈን ይወዳል፤ እኔም ይህን ልናገር ስል ልጅቱ ቀደመችኝ።

«ስለ ነጋዴው ያሉትን አልክድም። የጎዱት ግን እሱን አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖብዎት ነው። በዚህ መንገድ ባሉ መደብሮች ተለብሶ የተመለሰ ልብስ የሚታሰበው በተቀበለችው ሻጭ ላይ ነው። ከደሞዟ ይቆረጣል። አልቀበልም ብትል ደግሞ ደንበኛ አስቀየምሽ ትባላለች። ከተደጋገመ ትባረራለች። እኔም አንዲት ሚዜ ለብሳ የመለሰችውን ቀሚስ ከፍዬ የቤት ኪራይ ጎድሎብኝ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። ‹ነቃ ማለት ነበረብሽ› አሉኝ።»

እትዬ ቁጠባ ቦርሳቸውን ወደ ጎናቸው ሳብ አደረጉ።

«ይህንንማ አጋነንሽው» አሉ። «እኔ ያጠፋሁትን በዚያች ልጅ ላይ የሚጭን አለቃ አለ ብዬ አላምንም። እሱም የሰው ልጅ ነው።»

«ገና ሩቅ አልሄድንም» አልኩ እኔ። «ተመልሰው ለምን አይጠይቁትም?»

«እንመለስ። እሷ እንዳለችው ከሆነ ቀሚሱን እገዛዋለሁ።»

ስንመለስ ባንኮኒው ጋ የቆመው ባለቤቱ ራሱ ነበር፤ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፣ አነጋገሩ ማር የሆነ ጎልማሳ። ሰማያዊው ቀሚስ በእጁ ነው። ሻጯ የመደብሩን ሽርጥ አውልቃ፣ የራሷን ሹራብ ደርባ ቦርሳዋን ትዘጋለች። እትዬ ቁጠባ ነገሩ ገባቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ልጄ፣ ቀሚሱን ለብሼዋለሁ» አሉት ባለቤቱን። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ገንዘብህ ይኸው። እሷን ተዋት።»

«ምንም አይደል፣ እናቴ፤ እንዲያውም አመሰግናለሁ» አለና ገንዘቡን ተቀበለ። ቀሚሱንም በሥርዓት አጥፎ ጠቀለለላቸው። «የእርስዎ በዚህ አልቋል። የእሷ ግን የመደብሩ ደንብ ነው። ከዚህ በፊትም አስጠንቅቄያታለሁ።»

«ያላጠፋችውን ሰው መቅጣት ምን ዓይነት ደንብ ነው?» አለች የሕግ ምሩቋ። «ኪሳራው የንግዱ ነው። ትርፍ ሲመጣ ከእሷ ጋር አይካፈሉም።»

«እህቴ፣ ትክክል ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን ከፍርድ ቤት እስክትመለሺ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ይቆማል። ሥራ ፈላጊ ሞልቷል።»

ይህን ሲናገር ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እኔ የሚጮህ ክፉ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ክፋቱ ያደክመዋል።

እትዬ ቁጠባ ወደ ሻጯ ዞሩ። «እንደለበስኩት አውቀሻል። አሽትተሽዋል። ለምን ዝም አልሽ?»

«ከኋላዎ ሰው ነበር» አለች ሻጯ ቀስ ብላ። «የእናቴ እኩያ ነዎት። በሰው ፊት ላዋርድዎት አልቻልኩም።»

ይህን ብላ ወጣች። እትዬ ቁጠባ ተከትለዋት እስከ መንገዱ ሄዱ፤ ግን ጉልበታቸው እንደ እሷ አይደለም፤ ሕዝቡ መሀል ጠፋችባቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እዚያው ቆመው አለቀሱ፤ የወንድማቸው ልጅም ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻቸው።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ቁጠባ ሌላ ሰው ሆኑ። እንዲህ ያለውን ብልጠት ለሰፈሩ ሴቶች ያስተማሩ እሳቸው ነበሩና ቤት ለቤት ዞረው ማስጣሉንም ራሳቸው ያዙት። «ለብሰሽ የመለስሽው ቀሚስ የአንዲት ልጅ ምሳ ነው» ይላሉ። አንዳንዷ ሳቀችባቸው፤ ብዙዎቹ ግን አፈሩ። በኋላ ተሰብስበው መደብሩ ሄዱና፣ ኪሳራው በሻጮቹ ላይ መታሰቡ ካልቀረ ከዚያ ቤት መሐረብ እንኳ እንደማይገዙ ለባለቤቱ ነገሩት። ሕግን ያልሰማ ጆሮ ገበያን ሰማ። ደንቡ ቀረ።

ጥቅሙም ለማንም የሚታይ ነው። ዛሬ ሻጭ «ይህ ተለብሷል፣ አልቀበልም» ብላ ያለ ፍርሃት ትናገራለች። ደሞዟን ሙሉውን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ገዢም አቅሙ የፈቀደውን ገዝቶ የራሱን ልብስ ለብሶ ሰርግ ይሄዳል። ባለቤቱም ቢሆን የሚመለስበት ልብስ ስላነሰ አልከሰረም። የተባረረችው ልጅ ብቻ አልተመለሰችም። እትዬ ቁጠባ ስለ እሷ በጠየቁት ቁጥር መልሱ «ቦታው ተይዟል» ነው።

ባለፈው ሳምንት ከእሳቸው ጋር በመደብሩ በኩል ስናልፍ መስታወቱ ላይ በወርቃማ ቀለም «ለሠራተኞቻችን ክብር እንሰጣለን» የሚል ተጽፎ አየን። ሁለት ወጣቶች ፊት ለፊቱ ቆመው የባለቤቱን ደግነት ያወራሉ። እትዬ ቁጠባ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ክብር የሰጠችኝስ እሷ ነበረች» አሉ። «ያውም ከእንጀራዋ ቆርሳ።»