የሚያጉረመርመውን ሣጥን ዝም ያሰኙት የወይዘሮ እቴነሽ ደምሴ ዜና ሕይወት

ከጋፋት፣ ከጉና ሥርና ከከተማው የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ እቴነሽ ደምሴ ስለ ራሳቸው ማውራት የማይወዱ ሴት ስለ ነበሩ፣ እሳቸው ዝም ያሉትን እኛ በኩራት እንናገርላቸዋለን።

ወይዘሮ እቴነሽ ከአባታቸው ከአቶ ደምሴ ፈንታሁንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች በ1909 ዓ.ም. በጋፋት ተወለዱ። በዘመኑ ሴት ልጅ ፊደል እንድትቆጥር የሚፈቅድ ባይኖርም፣ ቄስ አጎታቸው ሲያስተምሩ ከደጅ ሆነው እየሰሙ የወሩን ሠላሳ ቀን ከነታቦቱ በቃላቸው ያዙ፤ ቀን የጠፋበት ጎረቤት ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። የኋላ ኋላ ባላቸውን ያተረፈችው ይህችው ዕውቀት ናት።

በ1925 ዓ.ም. ለአቶ ሞላ ማሩ በወግ በማዕረግ ተዳሩ። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ኑሮ ቢጠብባቸው ባልና ሚስቱ በደብረ ታቦር በጣሊያን መኮንኖች መዝናኛ ቤት ተቀጠሩ፤ አቶ ሞላ የመብራቱን ሞተር ያስነሣሉ፣ ወይዘሮ እቴነሽ በየሥራ ቀኑ በጓሮው ልብስ እያጠቡ እጣቢውን ከግድግዳው ሥር ይደፉ ነበር።

በዚያ ቤት አኮርዲዮን የሚጫወት አንድ ሻምበል ነበረ፤ የመሣሪያውን ድምፅ የሚያጎላለትም በሌላ ከተማ አገልግሎ የመጣ አሮጌ ሣጥን ነበር። ሣጥኑ አንዳንድ ቀን ድምፁ ጥርት ሲል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ ዜማውን ያበላሽበታል። መካኒኮች ቢፈቱት ቢገጥሙት ምክንያቱ አልተገኘም። የከተማው ሰው ግን የሚያጉረመርመው በእሑድና በበዓላት ቀን መሆኑን አስተውሎ፣ ታቦቱ ተቆጥቶባቸው ነው እያለ በልቡ ደስ ተሰኘ፤ ወይዘሮ እቴነሽም እንደ ሌላው አምነው ነበር። ሻምበሉም በበኩሉ በዓላቱን ቆጠረ፤ ለእሱ የታየው ግን ተአምር ሳይሆን አሻጥር ነው። ስለዚህ ጥር 12 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሞተሩን እየነካካ በጉና ላሉ አርበኞች ምልክት ይሰጣል ብሎ አቶ ሞላን አሰራቸው፤ ጥር 22 ቀንም ወደ ግዞት እንዲወሰዱ ተወሰነ።

ወይዘሮ እቴነሽ እጥበቱን ትተው በመዝናኛው ቤት ደጅ ሲለምኑ ሰነበቱ። ታዲያ ጥር 17 ቀን ረቡዕ፣ ሥራ በማይፈታበት ተራ ቀን፣ ከአቶ ሞላ መታሰር ወዲህ ሻምበሉ ገና መጫወት ሲጀምር፣ ሣጥኑ ሲያጉረመርም ሰሙ። ሻምበሉ፣ እስረኛው ተባባሪ አለው ማለት ነው ብሎ ዓይኑን በእሳቸው ላይ ጣለ፤ እሳቸው ግን ቀኑን በጣታቸው ቢቆጥሩ ቢቆጥሩ የተቆጣው ታቦት የትኛው እንደ ሆነ ጠፋባቸው። ወደ ጓሮው ዘልቀው ቢያዩ፣ ዘወትር በእጣቢ ይረጥብ የነበረው የግድግዳ ሥር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሣጥኑ ወርዶ ትርፉን የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ መሬት የሚያሰርገው ሽቦም እዚያው አፈር ውስጥ ተቀብሯል። በበዓል አያጥቡም፤ ካላጠቡ ውኃ አይደፋም፤ አፈሩ ሲደርቅ ሣጥኑ ያጉረመርማል። ለካ ነገሩ የታቦቱም የባላቸውም ሳይሆን የእጣቢው ኖሯል!

ይህን መናገር ቀላል አልነበረም፤ ጥፋቱን ወደ ራስ መጎተትም፣ ሕዝቡ የተጽናናበትን ተአምር ማፍረስም ነበርና። እናታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ሳይቀሩ “ተይ ልጄ፣ የታቦቱን ነገር አትንኪ” አሏቸው። እሳቸው ግን “ታቦት በውሸት አይከበርም፤ ባሌም በውሸት አይጋዝም” ብለው፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት እንስራ ውኃ አዝለው፣ አስተርጓሚ ይዘው ከሻምበሉ ፊት ቆሙ። ሣጥኑ እያጉረመረመ ሳለ ውኃውን ከሽቦው ሥር አፈሰሱት፤ አፈሩ ጠጥቶ ሳይጨርስ ሣጥኑ ጸጥ አለ። ሻምበሉ ቢያስቆፍር፣ ሽቦው የታሰረበት ብረት እርጥቡ አፈር ድረስ የማይዘልቅ፣ ዝገት የበላው አጭር ቁራጭ ሆኖ፣ ውኃ ካልፈሰሰበት ቶሎ በሚደርቅ አመድ ውስጥ ተገኘ። ሻምበሉ እያፈረ አቶ ሞላን ዕለቱን ፈታቸው፤ ወይዘሮ እቴነሽን ግን ከእንግዲህ በበዓልም እንዲያጥቡ ቢያዝዛቸው፣ “ውኃውን ማንም ይደፋዋል፤ እኔ በበዓል አላጥብም” አሉት። በሳምንቱ ባልና ሚስቱ ጉና ገቡ፤ እስከ ነጻነትም ድረስ አቶ ሞላ ጠመንጃ፣ ወይዘሮ እቴነሽ ስንቅ ተሸክመው፣ ሻምበሉ በሐሰት የጠረጠረውን እውነት አደረጉለት።

ከዚያ በኋላ በጋፋት ጤፍና ስንዴ እያመረቱ ሁለት ልጆች አሳደጉ። አቶ ሞላ በ1971 ዓ.ም. ቀደሟቸው፤ ወይዘሮ እቴነሽም በልብ ሕመም ዓመት ያህል ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ሞላንና አቶ ታደሰ ሞላን፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆችን ከኋላቸው ትተዋል።

ዛሬ ማለዳ ይህ የምናነብበት ድምፅ ማጉያ ሲያጉረመርም፣ ሠራተኛው መፍቻ ፍለጋ ሮጠ። ወይዘሮ ወርቅነሽ እንባቸውን ጠርገው ተነሡና አንድ ጣሳ ውኃ ከሽቦው ሥር አፍስሰው ተመልሰው ተቀመጡ። ይኸው ሁላችሁም ጥርት አድርጋችሁ ሰማችሁ። ባላቸውን በአንድ እንስራ ውኃ ያስፈቱትን እናታችንን፣ እግዚአብሔር በዕረፍት ውኃ ዘንድ ያሳርፍልን፤ አሜን።