መኖው ቦቲው ጋ የደረሰበት ቀን

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ በሥራ ቦታውም በሰፈሩም «አጎቴ»
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ በወተት ላሞች እርባታ የመኖ ኃላፊ
አድራሻ፦ እዚያው እርባታ ግቢ፣ ከመኖ ጉድጓዱ ጀርባ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 26፣ ከጠዋቱ 3፡20
ጉዳዩ፦ ከጉድጓድ ጎደለ የተባለ የከብት መኖ

ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ከትናንት በስቲያ በመኖ ስርቆት ተጠርጥሮ የተያዘው የእርባታው ጥበቃ ምንም እንዳልወሰደ ስለማውቅ ነው። የማውቀውም ጎደለ የተባለውን መኖ ያጎደልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። መርማሪው በዚህ ጊዜ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው «ምስክር ነዎት ወይስ ተጠርጣሪ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ሁለቱንም መሆን የሚቻል ከሆነ አንድ ወረቀት ይበቃናል ብዬ መልሻለሁ።

ጎደለ የተባለው ገፈራ ነው። ገፈራ ማለት በቆሎ ሳይደርቅ ከነአገዳው ተከትፎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ አየር እንዳያገኘው በላስቲክ ታፍኖ የሚቀመጥ መኖ ነው። የእኛ ጉድጓድ ርዝመቱ ሃያ አራት ሜትር ነው። ባለፈው ጥቅምት 10 ቀን ሞልተን ከደንነው። መሃሉን ትራክተር ይረግጠዋል፤ ጎማው የማይደርስበትን የግድግዳውን ጥግ ግን በእግሩ የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የሠራነው እኔና የወንድሜ ልጅ ነን። አባቷ ካረፈ ጀምሮ የምትኖረው ከእኔ ጋር ሲሆን አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እኔ «አለቃ» እላታለሁ፤ ጥጉ ላይ ላላ ያለ ቦታ ካገኘች መልሳ ታስረግጠኛለችና።

በዚያ ቀን ላስቲኩን ከመዘርጋታችን በፊት፣ ከጉድጓዱ አፍ አሥራ ስምንት ሜትር ገባ ብሎ፣ የቀኝ እግር ቦቲዋን አውልቃ ጥጉ ላይ መኖው ውስጥ ቀበረችው። በማግስቱ ለእንስሳት ሕክምና ስልጠና ወደ ሩቅ ከተማ ትሄድ ነበር። «አጎቴ፣ መኖው ቦቲዬ ጋ ሲደርስ እመጣለሁ» አለችኝ። «ላም ብትውጠውስ?» አልኳት። «አርባ ሁለት ቁጥር የምትውጥ ላም ካለችህ ስልጠናውን ትቼ እሷን አጠናለሁ» አለች። ከዚያም ላስቲኩን ዘርግተን፣ ዳር ዳሩን አፈር መልሰን፣ ላዩ ላይ አሮጌ ጎማ ደረደርንበት። የግራውን ቦቲ በሻንጣዋ ይዛው ሄደች።

ጉድጓዱን ኅዳር 21 ከፈትን። ከአፉ ወደ ውስጥ በቀን የሚቆረጠው አንድ ስንዝር፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ካነሰ የተከፈተው ፊቱ ይሻግታል፤ ከበዛ ደግሞ ሳሩ ሳይደርስ መኖው ያልቃል። በዚህ ስሌት ቦቲው ጋ የምንደርሰው የካቲት 21 ነው፤ ስልጠናዋም የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። ስትደውል ስለ ጤንነቴ ጠይቃኝ አታውቅም። «ስንት ስንዝር ቀረኝ?» ነው የምትለው።

ኅዳር 30 ስትደውል ግን ስለ ስንዝሩ አልጠየቀችም። ስልጠናውን ስትጨርስ እዚያው ሥራ ሊሰጧት እንደሚፈልጉ ነገረችኝና «ምን ትላለህ?» አለች። «ጥሩ ነዋ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የክፍሏን በር ከፍቼ ቆምኩ። የሥራ ቱታዋ አልጋዋ ላይ እንደታጠፈ ነው። በሩን መልሼ ስዘጋ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እመጣለሁ ያለችው ቦቲው ጋ ሲደረስ ነው፤ የካቲት 21 አላለችም። ሥራውን እሺ ከማለቷ በፊት ቦቲው ከተገኘ ቃሏን ማጠፍ ይከብዳታል።

ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ በቀን አንድ ስንዝር ተኩል ቆረጥኩ። ሁሉንም ያበላሁት ለሃያ ሰባቱ ላሞች ነው፤ ከግቢው የወጣ አንድ ኩንታል የለም። አላቢዋ በሁለተኛው ሳምንት «አጎቴ፣ እነዚህን ላሞች ልትድራቸው ነው እንዴ የምትቀልባቸው?» ብላኛለች። ሁለቱ ሆዳቸው ተበላሽቶ ሰንብተዋል፤ ለዚህም ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ጥር 23 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መንሹን ስሰካ የቦቲው ጫፍ ብቅ አለ። ወዲያው ደወልኩላት። «አለቃ፣ ደርሰናል» አልኳት። ቀኑን ቆጠረች። «አጎቴ፣ ገና ሃያ ስምንት ቀን ይቀራል እኮ» አለች። «እኔ ምን ላድርግ፣ ላሞቹ ናፍቀሻቸው ነው መሰለኝ ሆዳቸው አልጠግብ ብሏል» አልኩ። ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ድምጿ ቀጥኖ «አታውጣው፣ እሺ?» አለችኝ። ትመጣ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ የእርባታው ባለቤት ጉድጓዱን ለክተው የሃያ ስድስት ቀን መኖ ጎደለ አሉ። የግቢው በር ቁልፍ ጥበቃው እጅ ስለሆነ እሱ ተያዘ። ያን ጊዜ ለምን ዝም እንዳልኩ ስጠየቅ፣ በዚህ ዕድሜዬ የናፈቀኝን ሰው ለማስመጣት ላም አስጠገብኩ ማለት አሳፍሮኝ ነው ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን የጥበቃው ሚስት ቁርሱን ይዛ ወደዚህ ስትመጣ አይቼ መቻል አቃተኝ። ሰላምታ ስሰጣት «አጎቴ፣ እሱ እኮ አይሰርቅም፣ አይደል?» አለችኝ። በጎደለው መኖ ፈንታ ሳር እያጨድኩ ለመተካት ዝግጁ ነኝ።

አንድ ነገር እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። ጉድጓዱ ሲታይ ቦቲው እንዳይነካ፣ በኤግዚቢትነትም እንዳይወሰድ። ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል መኖ ትቼለት፣ በቁራጭ ላስቲክ ሸፍኜ ጎማ ጭኜበታለሁ። የቀረውን መኖ በጎኑ አልፈን እንቆርጣለን። መርማሪው «ባትመጣስ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጉድጓዱን እንደገና የምንሞላው በመጪው ጥቅምት ነው፤ እስከዚያ ያ ጥግ ለምንም አይፈለግም ብዬ መልሻለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ስንዝር ያልጨመርኩበት፣ ስንዝርም ያልቀነስኩበት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)