ወንበሬን ያዝልኝ

ሎውል ፕሩት ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት በዚህ ኮሌጅ በር ሲገባ፣ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። አንድ ሻንጣ ይዟል፤ ጭቃ የጠጣ ቦቲ ተጫምቷል። የዚያን ጊዜው ረዳት አሰልጣኝ ኤሜት ስትራውድ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «የተበላሸው ማሞቂያ ቦይለር ምድር ቤት ነው» አለው። ሎውል ወረደ። ጠግኖትም ተመለሰ።

«አሁንስ?» አለ እጁን እየጠረገ።

«አሁንማ ወደ ቤትህ ሂድ።»

«ሁለተኛ ረዳት አሰልጣኝ አድርጋችሁ የቀጠራችሁት እኮ እኔን ነው።»

ቦይለሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። እኔ ግን ዋና አሰልጣኝ ሆኜ ከመጣሁ ወዲህ በዚህ ሰውዬ እጅ አራት ኮት ተቀዶብኛል። አትሳቅ፣ ጋሽ ሎውል!

ለሽኝቱ ኬክ ስትሉ ከባዮሎጂ ክፍል ለመጣችሁ ላስረዳ። ዋና አሰልጣኝ በጨዋታ ላይ ቆሞ መጮህ የሚችለው መስመር በተሰመረለት ቦታ ብቻ ነው። መስመሩን አልፎ ዳኛው ላይ ከሄደ ይቀጣል፤ ከደገመ ይባረራል። ስለዚህ ከኋላው ተቀምጦ ኮቱን የሚጎትት ረዳት ያስፈልገዋል። ሎውል የሚጎትተው አንዴ ነው፤ ግን በቅሎ እንደሚያቆም ሰው ነው። ሚስቴ አንድ ቀን፣ «ዳሪል፣ ይህ ሰውዬ ምን አርግ ነው የሚልህ?» ብላኛለች።

ሌላም ጠባይ አለው። ከጎኑ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ባዶ ይተዋል። ተጫዋች ሊቀመጥበት ሲል፣ «ተይዟል» ይላል። ይኸው ዛሬም በእኔና በእሱ መሃል አንድ ባዶ ወንበር አለ። ቅድም አስተናጋጇ ልታነሳው ስትል ምን አላት? ሰምታችኋል።

ሎውል አውቶቡስ ነድቷል፣ ማሊያ አጥቧል፣ ተጫዋች ፍለጋ በበረዶ የአይዋ ግዛትን ከዳር እስከ ዳር አስሷል። አራት ዋና አሰልጣኞች አገልግሏል፤ ጭብጨባውን የወሰድነው እኛ ነን። ሦስት ኮሌጆች ዋና አሰልጣኝ ሁንልን ብለውት እምቢ አለ። አንዴ ዱቡክ ከተማ ተጫውተን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጠየቅኩት።

«ለምን?»

«ኤሜት ሆስፒታል ሲገባ ‹ወንበሬን ያዝልኝ፣ እመለሳለሁ› ብሎኛል።»

«ጋሽ ሎውል፣ ኤሜት እኮ ሞቷል። ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ!»

«አልመለስም ግን አላለም» አለና የአሳማ ሳንዱቹን ገመጠ።

ስቄ ተውኩት።

ጥር ላይ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ያቀረቡልኝን ወረቀት ፈረምኩ። አንድ ጊዜ ከጨዋታ ብባረር ውሌ ያበቃል ይላል። የካቲት ላይ ደግሞ ሎውል የሚቀጥለውን ተጋጣሚያችንን ሊያይ ሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ሄደ፤ እኔም ያለ እሱ ቀረሁ። በመጀመሪያው አጋማሽ አንዴ ተቀጣሁ። ስምንት ደቂቃ ሲቀር ዳኛው ዓይኑ እያየ በተጫዋቼ ላይ የተሠራውን ጥፋት አለፈው። ተነሳሁ። እግሬ መስመሩ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ኮቴን ከኋላ ጎተቱኝ። ሁለቴ፣ በቀስታ።

ወደ ኋላ ተመለስኩና ዞር አልኩ። የሎውል ወንበር ባዶ ነው። ከጎኑ ያለውም ባዶ ነው። የቅርቡ ተጫዋች አራት ወንበር ይርቃል።

ቪዲዮው አለኝ። የኮቴ ጫፍ ብድግ ይልና ይወጠራል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይወጠራል። ማንም የለም። ከሎውል በቀር ለሰው አላሳየሁም። እሱ አንዴ አይቶ ዘጋው።

«እኔ የምጎትተው አንዴ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሁለቴ የሚጎትተው ኤሜት ነው።» ከዚያ ተነስቶ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። «ተመልሷል ማለት ነው። እንግዲህ ጡረታ መውጣት እችላለሁ።»

በማግስቱ ደብዳቤውን አስገባ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ሥራው ተረካቢ አግኝቷል» ብሎ ጽፏል። የአስተዳደር ክፍሉ ተረካቢው ማነው እያለ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል።

ጋሽ ሎውል፣ እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንጀራዬ ላይ የቆየሁት አንተ ከኋላዬ ስለነበርክ ነው። ይህን በጨዋታ መሃል ልነግርህ አልቻልኩም፤ ጀርባዬን ሰጥቼህ ነበር። አመሰግናለሁ።

ብርጭቆ አንሱ። የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ነንና ሎሚናት ነው። ሐይቁ ዓሣ ይስጥህ፣ ጉልበትህ ይዳንልህ፣ ከባለቤትህ ከማርጂ ጋር ማንንም የማትጎትትበት ብዙ ቅዳሜ ይስጥህ። ለሎውል!

አንድ ነገር ልጨምር። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስላሉ፣ ጥር ላይ ስላስፈረሙኝ ወረቀት በሰው ፊት የምልዎት...

ቆይ። ኮቴን ማነው የጎተተው?

ጋሽ ሎውል፣ እጆችህ የት ናቸው?

ሁለቱም ብርጭቆው ላይ ናቸው።

እሺ። ገባኝ፣ ሁለቴ ነው። ተቀምጫለሁ።