እሳት የናፈቃት ብርማ

(የዝግባ አምባ ጥብቅ ሥፍራ ጽሕፈት ቤት፣ ግንቦት መጨረሻ። የዕፅዋት ባለሙያዋ ትብለጥ ከኃላፊው ከአቶ ጫኔ ፊት ቆማለች፤ ከጀርባው «እሳት ጠላታችን ነው!» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል።)

ጫኔ፦ እሳት ተከላካይ ሆኜ ክብሪት ልጫር? ትብለጥ፣ አሞሻል እንዴ?

ትብለጥ፦ አንድ ጥግ ብቻ ነው። ዙሪያውን ሰው አቁመን፣ ውሃ ይዘን፣ ነፋስ በሌለበት ጧት። ዝናቡ ሳይገባ።

ጫኔ፦ ስንት ዓመት እሳት ሳናይ ቆይተን ለሽልማት ስንታጭ?

ትብለጥ፦ ብርማ አበባችንን የሚገድላት እሱ ነው፣ እሳት ማጣቷ። የቀሩት አሮጊቶች ናቸው፤ ከሥራቸው አንድ ችግኝ የለም። እነሱ ከደረቁ ብርማ አበባ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አይኖርም።

ጫኔ፦ አጥር አጠርንላት፣ ዘበኛ ቀጠርንላት፣ ሰሌዳ ሰቀልንላት። ምን ቀረኝ፣ ልዳራት?

ትብለጥ፦ እሳት ይስጧት። ዘሯ አፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ግን ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፣ ግለት ካልሰነጠቀው አይበቅልም። ድሮ እረኞቹ ለግጦሽ እያፈራረቁ ያቃጥሉላት ነበር። እነሱን አባረርን፣ የአስታ ቁጥቋጦና ሣር አነቃት።

ጫኔ፦ አፈር ውስጥ ሞልቷል! ላም አለኝ በሰማይ። ስሚኝ፣ እሳት አመድ ይወልዳል እንጂ አበባ ወልዶ አያውቅም።

ትብለጥ፦ ወልዷል። ትናንት አየሁት።

ጫኔ፦ የት?

ትብለጥ፦ ከግቢው ጀርባ፣ ሰው በማያዘወትርበት። ችግኙ የከሰለ መሬት ዳር ዳሩን ክብ ሠርቶ እንደ ጤፍ ፈልቷል።

ጫኔ፦ እሳት ተለኩሷል በይኛ! ማነው? አሁኑኑ ፖሊስ እጠራለሁ! በጥብቅ ሥፍራ እሳት ያነደደ ይታሰራል፤ መመሪያውን የፈረምኩት እኔ ነኝ!

ትብለጥ፦ ይጥሩ። ፖሊሶቹም ነበሩበት።

ጫኔ፦ ምኑ ላይ?

ትብለጥ፦ አምና አዲሱ አጥር ሲመረቅ። እርስዎ ስለ እሳት ክፋት ተናግረው ሲጨርሱ፣ ለእንግዶቹ ሙክት የተጠበሰበት ቦታ ነው።

ጫኔ፦ ...እሱ እኮ እሳት አይደለም። መስተንግዶ ነው።

ትብለጥ፦ ብርማ ልዩነቱን አላወቀችም።

ጫኔ፦ ለማን ነገርሽ?

ትብለጥ፦ ለማንም። ግን ሸላሚዎቹ መጥተው «ለምን እዚህ ብቻ በቀለ?» ቢሉኝ፣ መዋሸት አይሆንልኝም።

ጫኔ፦ ልታስፈራሪኝ ነው?

ትብለጥ፦ ልለምንዎ ነው እንጂ። ጋሽ ጫኔ፣ ሆዴ አረረ። ጠባቂዋ ተብዬ በእጄ ስትሞት ማየት ከበደኝ።

ጫኔ፦ ማቃጠል አልፈቅድም። «ማቃጠል» የሚባል ቃልም ከዚህ ቢሮ አይወጣም።

ትብለጥ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በቃ፣ ትሙት።

ጫኔ፦ ቆይ፣ ወዴት ነው? ማቃጠል አልፈቅድም አልኩ እንጂ... ይሄ ሰሌዳ አላረጀም ትያለሽ? አዲስ ብንተክልና ብናስመርቀውስ?

ትብለጥ፦ መቼ?

ጫኔ፦ ዝናቡ ሳይገባ ነዋ። ያ ያልሽው ጥግ ስንት ሙክት ይፈልጋል?