ሰው የሌለበት ማክሰኞ

አውቶቡሱ ጀውሃ ሲደርስ ጎማው ፈነዳ። የሐምሌ ፀሐይ በሁለት ዝናብ መሀል እንደምትተኩሰው ስትተኩስ ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ተበተነ። አሊዪም መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ዘው ሲል፣ ጋሼ ዘውዴ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። በዚያ ሳምንት ከሰው ሁሉ ሊያገኛቸው የማይፈልገው እሳቸውን ነበር። ታላቅ ሰው አይቶ መመለስ ነውር ሆነበትና እጅ ነሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ጋሼ ዘውዴ ጡረታ የወጡ የስልክ ሠራተኛ ናቸው፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የቀበሌያቸው አዳራሽ ኃላፊ። አሊዪ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሴቶችን ማንበብና መጻፍ ያስተምራል። ከሮቃ ዛፍ ሥር ሃያ ሦስት ሆነው የጀመሩት፣ ዝናቡ ሲገባ ዘጠኝ ቀሩ። ለፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ መጠለያ ካልተገኘ ትምህርቱ መበተኑ ነው። አዳራሹን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ሦስት ጊዜም ቀን የለም ተባለ። ሰኞ የቼዝ ክበብ ነው፣ ማክሰኞ የንባብ፣ ረቡዕ የኪነት፣ ሐሙስ የፎቶግራፍ፣ ዓርብ የንብ አርቢዎች፤ ቅዳሜና እሑድ ስብሰባ። በወረቀቱ ላይ ከተማው ሁሉ ሥራ በዝቶበታል። አብዛኛውን ቀን በመስኮት ላየው ግን አግዳሚው ላይ አቧራ እንጂ ሰው የለም።

ስለ ጎማው ጥቂት ካወሩ በኋላ አሊዪ መታገሥ አቃተው።

«ጋሼ፣ የንባብ ክበቡ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው መቼ ነው?»

«ክበብ ማለት የሰው ሐሳብ ነው፣ ልጄ። እንደ ሱቅ ገበያ ጠፋ ተብሎ አይዘጋም።»

«ሐሳብ እኮ ወንበር አይዝም። ሴቶቹን ዝናብ እየመታቸው ነው።»

ጋሼ ዘውዴ አልተቆጡም። ክበቦቹን አንድ በአንድ የመዘገቡት እሳቸው ናቸው። የክበቦቹ ልጆች ነገ ቢመለሱ፣ ቀናችሁን ለሌላ ሰጠሁባችሁ ለማለት ፊት እንደሌላቸው በረጅሙ አስረዱ። አሊዪ ይህን ሲሰማ አራተኛ ጊዜው ነው። ሁለት ወር ያልተሰበሰበ ክበብ ሁሉ ይሰረዝ፣ አበቃ፣ አለ።

«ሁለት ወር?» አሉ ሽማግሌው። «እንግዲያው መጀመሪያ የምትሰርዘው ንብ አርቢዎቹን ነው። በክረምት ስለ ንብ ማን ይሰበሰባል? መስከረም አበባው ሲፈነዳ ግን መቀመጫ አጥተው ቆመው ነው የሚውሉ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ሁለት ጎረምሶች ቼዝ ብለው መጥተው አግዳሚ ላይ ይተኛሉ። ባንተ ሕግ የሚተኙት ይኖራሉ፣ የሚሠሩት ይሰረዛሉ።»

አሊዪ ነደደው፤ ይበልጥ ያናደደው ግን ሽማግሌው ልክ መሆናቸው ነበር። የተማረ ሰው ሲቸኩል ቁጥር ይወዳል፤ ቁጥር አይከራከረውማ።

«ልክ ነዎት» አለ በመጨረሻ። «ወር መቁጠር ብቻውን አይበቃም። እርስዎስ አባሎቹን ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ? ሞታችኋል ወይ ብዬ? ይልቅ የንባቡ ክበብ ጸሐፊ ይችውልህ፣ ሐረገወይን። ሳልጠይቃት በጀውሃ አላልፍም። ጸሐፊ ያለው ክበብ ሞተ ትለኛለህ?»

የሻይ ቤቷ ባለቤት ሐረገወይን ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር። ከሸዋ ሮቢት አግብታ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። አሊዪ ወደ እሷ ዞሮ፣ ማክሰኞ ለንባብ ትመጪያለሽ ወይ ሲል ጠየቃት። ሐረገወይን ጋሼ ዘውዴን አየች፤ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ያገባሁ ዕለት ነው የተውኩት። በመጡ ቁጥር ቀንሽን ጠብቄልሻለሁ ሲሉኝ እንዳላስከፋዎ ብዬ ዝም አልኩ። ሌሎቹም ያው ናቸው፤ ለጋሼ ማን ደፍሮ ይንገራቸው እንባባላለን።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«እኔ እኮ የጠበቅሁት እናንተ እንዳትከፉ ነው» አሉ ጋሼ ዘውዴ፤ ድምፃቸው ወረደ።

እነሱ ለእሳቸው ሲያዝኑ፣ እሳቸውም ለእነሱ ሲያዝኑ፣ ዝናብ ያባረራቸው አሥራ አራት ሴቶች ግን ለማንም ትዝ አላሉም። ሐረገወይን ሻዩን እያቀረበች ማክሰኞን ለሴቶቹ እንዲሰጧቸው ለመነቻቸው። ጎማው ተቀይሮ አብረው ተሳፈሩ፤ ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ጋሼ ዘውዴ «ሕጉን ጽፈህ አምጣልኝ፤ አባሎቹን መጠየቁ ግን እንዳይቀር» አሉ።

አሊዪ የጻፈው በአዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። ከመሰብሰብ የቀረ ክበብ መጀመሪያ የሥራው ወቅት ይታይለታል፤ ወቅቱ መጥቶ ካልተሰበሰበ አባሎቹ በየደጃቸው ይጠየቃሉ፤ በዚህ ቀን እመጣለሁ የሚል ከጠፋ ቀኑ ወረፋ ለያዘ ይሰጣል። ዕቃው ግን በአደራ ይቀመጣል፤ አምስት ሰው ይዞ የተመለሰ እንደገና ይመዘገባል።

ከፎቶግራፍ አባሎች አንዱ ሲጠየቅ፣ እስካሁን ክበቡ መኖሩን ሲሰማ ደነቀው። ንብ አርቢዎቹ ዓርባቸውን እንደያዙ ቀሩ። የተዘጋው ሲዘጋ ያለቀሰ የለም፤ የሚሠራው ቦታ አገኘ፤ ጋሼ ዘውዴም በስም ብቻ ያለውን ከእውነተኛው ለይተው አወቁ። ማክሰኞ የሴቶቹ ሆነ፤ ከሄዱትም አሥራ አንዱ ተመለሱ።

በሦስተኛው ማክሰኞ፣ ከተማሪዎቹ አንዷ፣ በአርባ ዓመቷ ፊደል የቆጠረችው ራቢዓ፣ በሩ ላይ ቆማ ማስታወቂያውን በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያም ወደ ጋሼ ዘውዴ ዞረች።

«እኛስ ብንቀር ይዘጉናል?»

«እዘጋችኋለሁ። ግን መጀመሪያ ደጅሽ መጥቼ እጠይቅሻለሁ።»

«ይምጡ» አለች ራቢዓ። «እውነቱን ነው የምነግርዎ።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አሉና እንድትገባ ከበሩ ዘወር አሉላት።