አርባው ጉድጓድ

የተከበራችሁ አባቶች፣ የጋሼ ጌታሰው ልጆች፣ እድርተኞች፣ ከካራቆሬና ከአጣዬ ድረስ የመጣችሁ ወዳጆች፣ የወረዳችን ኃላፊዎችም፤ እግዚአብሔር ያጽናን። ማህደር እባላለሁ። በግብርና ጽሕፈት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ከጋሼ ጋር ሠርቻለሁ። ለስላሳ ንግግር አልያዝኩም። ተናድጃለሁ።

ጋሼ ጌታሰውን ገመድ ይዘው ያላያቸው ማን አለ? በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ። ስድስት ዓመት፣ በዚህ በሮቢት ሐሩር፣ የሽንኩርት አምራቹን ጉድጓድ በየሳምንቱ ለኩ። ገበሬው "ጋሼ፣ ዛሬስ ዓሣው ነከሰ?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ይስቁና ይለካሉ።

ለክተው ጻፉ። በዚህ ቀበሌ የሞተር ጉድጓድ ከአርባ እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ ውሃው ይሸሻል፣ መሬቱም ጨው ያወጣል አሉ። ጥናቱ የት ደረሰ? ስብሰባ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሁሉ ገጽ አርባ የምትለዋ ቁጥር ብቻ ተነበበች። "የዘንድሮ ዕቅድ አርባ ጉድጓድ፣ በጥናት የተረጋገጠ" ተባለ። ጣሪያው ዕቅድ ሆነ። ዕቅድ ደግሞ እኛ ዘንድ ምን ይደረጋል? ከዕቅድ በላይ ይፈጸማል። ሰባ ተቆፈረ። አፈጻጸም መቶ ሰባ አምስት በመቶ። ሪፖርቱ ሲቀርብ ጋሼ እጃቸውን አወጡ፤ ሰብሳቢው ጊዜ የለንም አሉ። ከዚያ ለጥናቱ ባለቤት ብለው የምስጋና ወረቀት ሰጧቸው፤ አጨበጨብን። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና፣

"ማህደር፣ እነዚህ ሰዎች አንብበው አይወስኑም፤ ወስነው ነው የሚያነቡት" አሉኝ።

እትዬ ዘይቱና እዚህ አሉ። ሰባው በተቆፈረ በሦስተኛው ዓመት ጉድጓዳቸው ሲነጥፍ ጋሼ ገመዱን ለቀቁ። ድንጋዩ ደረቅ መሬት መታ። ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ጠውልጓል። ጋሼ ምን አሉ? እትዬ ዘይቱናን ይቅርታ ጠየቁ። ጥፋቱ የእሳቸው ነበር? ያን ዕቅድ በንጹህ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አርባ ማለት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ገለበጥኩት።

ኃላፊዎቻችን፣ ብትቀየሙኝም ግድ የለም። ማክሰኞ ሁለተኛው ዙር ይጸድቃል፤ ሌላ ሰባ ጉድጓድ። ዕቅዱ ዛሬም "በጥናት የተረጋገጠ" ይላል፤ የሟቹ ስም ከሥሩ አለ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ያን ስም ቃለ ጉባኤው ላይ አልጽፍም። ጥናቱንም ከመጀመሪያው ገጽ አነበዋለሁ፤ ካስወጣችሁኝም እትዬ ዘይቱና ደጅ ቆሜ አነበዋለሁ።

ጋሼ ጌታሰው፣ ደህና ይሁኑ። አፈሩ ይቅለልዎት። ይህን ንግግር ያኔ፣ ብቻዎን እጅዎን አውጥተው ሳሉ፣ ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ።